ምስጥ የበላው መጨረሻ

የሚዛን ከተማ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ሲጀምር የማህደር አንጀት ቅቤ ጠጣ። ባለፈው ሳምንት እሷ ያነበበችውን ልቦለድ ለክፍሉ ስትተርክ እንዲሁ ዘንቦ ድምጿን ውጦት፣ ተማሪው ሁሉ የራሱን ወሬ ይዞ ነበር። ዛሬ ተረኛው ከማጂ የመጣው በላይነህ ነው። እሷ በሁለት ቀን የምትጨርሰውን መጽሐፍ ወር ሙሉ ሲያሽ የሚከርም ልጅ! «አሁን ያገኛታል» ብላ እጇን አጣምራ ጠበቀች።

በላይነህ ግን ድምፁን አላነሳም። ዝናቡ በበረታ ቁጥር እንዲያውም ዝቅ አደረገው። አንዱ ዴስኩን ጎትቶ ተጠጋ፤ ሌላው ተከተለ፤ መምህሩ ሳይቀሩ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ጎንበስ አሉ። ማህደር ከኋላ ብቻዋን ቀረች። ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ። ደግሞም መጨረሻውን ከራሱ እየፈጠረ ነው! እሱ ያነበበውን የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ምስጥ በልቷቸዋል፤ እሷ ግን ሙሉውን አጎቷ ቤት አንብባዋለች። በመጽሐፉ እናትየው የጠፋ ልጇን ሳታገኝ ነው የምትሞተው። በላይነህ ግን ከሞት አስጥሎ፣ ወንዝ አሻግሮ፣ የልጇ ደጃፍ ላይ አድርሷታል። ማህደር እጇን አወጣች።

«ምነው ማህደር?» አሉ መምህሩ።

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። በበላይነህ ትረካ የእናትየው እጅ በሩን ሊያንኳኳ እንደተነሳ ቀረ።

«ቲቸር…» አለች እጇን አውርዳ፣ «እዚህ አይሰማም።»

ዴስኳንም እየጎተተች ወደፊት ሄደች።