እስከ ስምንት ሲቆጠር

«እመቤቴ፣ ባለቤትዎ አጠገብ ይቁሙ እንጂ! አይፍሩ፣ አይነክሱም» አለ ፎቶ አንሺው።

«ባለቤቴማ ከተቃጠለው የጥጥ ፋብሪካ ጣሪያ አልወረደም» አለች ሴትየዋ። የመጣችው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረውን የሟች ባሏን የናስ ቆብ ለመውሰድ ነበር፤ የእሳት አደጋ አለቃው ግን ቆቡን ይዞ ፎቶ ሊነሳ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

ፎቶ አንሺው አፍሮ የአለቃውን ማጅራት፣ ራሱ እንዳይነቃነቅ፣ ከኋላው በቆመው የብረት መደገፊያ ያዘው። «ምስሉ እስኪቀረጽ እስከ ስምንት እቆጥራለሁ። ጌታዬ፣ ንቅንቅ እንዳይሉ!»

ሦስት ላይ ሲደርስ ሴትየዋ ጠጋ አለች። «ያን ቀን መሰላሉን ከጣሪያው ሲያስነሱ፣ ባሌ ሰይላስ ይጣራ ነበር?»

አራት። አምስት። የአለቃው ዓይኖች እንባ ሞሉ። ስድስት ላይ ከብረቱ ተላቆ «አዎ» እንደሚል ሰው ራሱን ሁለቴ ነቀነቀ።

«አበላሹት!» ጮኸ ፎቶ አንሺው።

ምስሉ ያረፈበት መስታወት ታጥቦ ሲወጣ የአለቃው ኮት ቁልፎች ጥርት ብለው ታዩ፤ ፊቱ ግን እንደ ጢስ በኖ ነበር። አለቃው ሌላ አልነሳም አለ። ያው ፎቶ በእሳት አደጋ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።