የሲላስ መርዶ

ጉታ በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ለትራፊክ ፖሊስ፣ ለአከራዩ፣ ለሚስቱም ጭምር። ለሲላስ ግን ዋሽቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት አዲሱ ገበያ ያለው ቤቱ ድረስ የመጡት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዓለሜ ያንኑ አዘዙት።

«የሲላስ እናት አርፈዋል» አሉት በሩን ዘግተው። «እማማ ቦሰና። ቀብሩ ነገ ነው።»

ጉታ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። እማማ ቦሰና! ከጫንጮ ገባ ብሎ ባለው መንደራቸው የእሱ እናት እማማ አበራሽና የሲላስ እናት በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ናቸው። ሁለቱ ልጆች ያደጉት ከሁለቱም ቤት እየበሉ ነው።

«ሲላስ ሰማ?»

«ከየት ሰምቶ! እዚህ ብቻውን ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ አገር ቤት ደርሶ፣ ዘመድ መሀል ሆኖ ነው የሚረዳው። የምትወስደው አንተ ነህ።»

«በምን ዘዴ?»

«የመኪናህ የኋላ እግር ተሰንጥቋል አላልክም? ወስደህ አሠራት። ሽማግሌ ይዤ ልጅ ልጠይቅ ልሄድ ነው በለው። ሲጨርስ በኮረኮንች መንገድ እንፈትሻት ብለህ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ እኛ ሽማግሌዎቹም ጋራዡ ድረስ መጥተን አብረን እንሳፈራለን። በገዛ እጁ በጠገናት መኪና ማን ይጠረጥራል?» ጋሽ ዓለሜ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልክህን ስጠኝ። እሱ አጠገብ ሆነህ አንዱ ደውሎ ቢጮህብህ ጉድ ፈላ ማለት ነው።»

ሰጣቸው። ሚስቱ አጸደም ሳትቀሰቅሰው ማልዳ ወጥታለች፤ ለልቅሶ ቤቱ ሥራ ቀድማ ሄዳለች አሉት።

ሸጎሌ የሚገኘው ጋራዥ ሲደርስ ሲላስ አሮጌዋን ኮሮላ በክሪክ አንስቶ፣ የኋላ ጎማዋን ፈትቶ ሥሯ ገባ።

«ብራቾዎቹ አልቀዋል» አለ ከታች ሆኖ። ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የያዙትን የብረት ክንዶች ዝገት በልቷቸዋል፤ አንደኛው ተሰንጥቋል። «በዚህ ሰው ልትጭን ነበር?»

«ሽማግሌዎች ናቸው… እ… ማለቴ፣ ጫንጮ ልጅ ልንጠይቅ። ዛሬውኑ ካልደረስን አይሆንም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሲላስ ለማን ነው፣ የማን ልጅ ናት እያለ ያደርቀው ነበር። ዛሬ አንድም ነገር አልጠየቀም። ተመስገን ጌታዬ፣ አለ ጉታ በሆዱ።

ሲላስ ከወፍራም ላሜራ ቆርጦ የክንዱን ክፍት ጎን ደፈነው፤ ዳርና ዳሩን በየደው፤ የተሰነጠቀው ላይ ሌላ ብረት ደረበበት። ጉታ ቆሞ ያያል። ወይ አበሳ! ሰው የእናቱ ቀብር የሚሄድበትን መኪና እንዲህ ተጠቦ ይሠራል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው?

በር ላይ ሁለት ሠራተኞች እየተንሾካሾኩ ነበር። ጉታን ሲያዩ ዝም አሉ። ሰምተዋል ማለት ነው! አፋቸውን እንዲይዙ አፈጠጠባቸው፤ እነሱም አንገታቸውን ደፉ።

ሲላስ የብየዳ መከለያውን ሲያነሳ ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንባው በጉንጩ ወርዷል።

«ብየዳው ነው» አለ፣ ጉታ ሳይጠይቀው።

«አንደኛው ይበቃል፣ እንሂድ በቃ። ይመሽብናል።»

«አንዱ ጠንክሮ ሌላው ከደከመ ዋጋ የለውም። አንተን ይዤ መንገድ ላይ መቆም አልፈልግም።»

ሁለተኛውን ጀመረ። ጉታ ጭንቅ በጭንቅ ሆነ። ቢዘገዩስ? ሲላስ እናቱን ሳይሰናበት ቢቀርስ? ያኔ ጓደኛው ምን ብሎ ይቅር ይለዋል?

ሥራው እንዳለቀ ሲላስ ከጎረቤት ሽሮ አስመጣ። ጉታ እጁን ሰበሰበ። ሲላስ ጠቅልሎ አጎረሰው።

«ብላ፣ መንገድ ነው።» ሌላ ጉርሻ እየጠቀለለ፣ «እማማ አበራሽን መቼ ነው ያየሃቸው?» አለው።

ጉታ ክው አለ። ስለ እናት ምን አስነሳው? ነቃ እንዴ?

«ለፋሲካ። ደህና ናት። መርቃ ነው የሸኘችኝ።»

«ጎሽ» አለ ሲላስ፣ ድምፁ ሻክሮ። «ምርቃት ትልቅ ነገር ነው።»

ይህን ጊዜ ጉታ ሊነግረው አፉን ከፈተ። «ሲላስዬ፣ አንድ ነገር…»

«ብላ አልኩህ!»

ያቺን ኮረኮንች መንገድ ላይ እንፈትሻት የምትለዋን ውሸት ለመዋሸት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ሲላስ ሸሚዙን ቀይሮ ብቅ አለና፣ «እኔ ነኝ የምነዳው» ብሎ ቁልፉን ተቀበለው። ጋሽ ዓለሜና ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ ገቡ። መኪናዋ ጎንበስ አለች እንጂ አልጮኸችም።

መንገዱን ሙሉ ጉታ በሆዱ ይጸልያል፤ ጌታ ሆይ፣ ለሲላስ አቅም ስጠው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደራቸው ደረሱ። ሲላስ የገዛ እናቱን ቤት በር አልፎ ነዳ።

«ሲላስ፣ አለፍከው እኮ!»

ሲላስ መሪውን አዞረ። ድንኳኑ የተተከለው እነጉታ ግቢ ነው። የእነሲላስ ጠባብ ስለሆነ ይሆናል፣ አለ ጉታ። ገና መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፍቶ ዘለለ። ሲላስ ሲሰማ መሬት ላይ እንዳይፈጠፈጥ ቀድሞ ሊይዘው ዞሮ ሮጠ። ሲላስ ግን ቀደመው፤ ከኋላው መጥቶ ጥብቅ አድርጎ አቀፈው። ሽማግሌዎቹም ወርደው ከበቡት።

«ጉታዬ! ልጄ! ጥላን ሄደች!» እያሉ ከድንኳኑ ወጥተው አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት የሲላስ እናት፣ እማማ ቦሰና ነበሩ።