ከአገር ቤት የመጣ ጸበል

ጡረተኛው ዳኛ ወደ ሕንድ የተጓዘው ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ከአገሩ በጠርሙስ ያመጣውን ጸበል ሳይጠጣ የሐኪም ቢላዋ እንዳይነካው ቈርጦ ነበር። ቀጠሮው እስኪደርስ ባለቤቱን አስከትሎ ጥንታዊቷን የቫራናሲን ከተማ ሊጐበኝ በባቡር ሄደ።

በጋንጅስ ወንዝ ዳር ቤተ መቅደሶቹንና በደረጃው የሚወርዱትን ተሳላሚዎች ያስጐበኛቸው የነበረው፣ በወጣትነቱ ጎንደር አስተምሮ አማርኛ የለመደው ሚስተር ቻውዴሪ ነበር።

«እኒያ ሴትዮ በጀሪካን የሚቀዱት ለምንድን ነው?» አለ ዳኛው።

«ለታመመ ዘመድ ነው፣ ጋሼ። ይፈውሳል ብለው ያምናሉ።»

«የሬሳ ዐመድ የሚበተንበት ውኃ! የሚመክራቸው የተማረ ሰው የላቸውም እንዴ?»

«ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰው፤ ይሰሙሃል» አለች ባለቤቱ፣ ዓይኗን ወደ ጀልባዎቹ መልሳ።

«ይስሙኛ!»

ከቀትር በኋላ ሆቴላቸው ሲገቡ ደረጃው ጉልበቱን አንገብግቦት ስለ ነበር ጸበሉን አስመጣ። ባለቤቱ አፉ በመሐረብ የታሰረውን ጠርሙስ አቀረበችለት። አማተበ፤ ጠጣ፤ የተረፈውንም ጉልበቱን አሸበት።

«አየሽ? ወዲያው ቀለል አለኝ። ውኃ ማለት ይህ ነው! በይ ለሐኪሙ ደውይለት፤ ቀዶ ሕክምናውን አደርጋለሁ።»

በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ቻውዴሪ ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን ይዞ ቆሟል።

«ይቅርታ እትዬ፤ ጧት ጋሼ ሳይነሡ፣ ባቡር ላይ የተደፋብዎትን ጠርሙስ ከወንዙ ስንሞላ፣ ክዳኑን ደረጃው ላይ ረስተውት ኖሯል።»