ያልታጠበው ሙቀጫ

ሳቁ የተነሳው ከኋላ ወንበር ነበር።

ተመራማሪዋ ግራፏን ግድግዳው ላይ አሳይታ ስትጨርስ፣ የተጋበዙት ሽማግሌ ሊቅ እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ለመሆኑ ሙቀጫችሁን ታጥባላችሁ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት።

የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ በጠጣር ነገሮች ውስጥ አቶሞች እንዴት እንደሚደረደሩ፣ ኤሌክትሮኖችም በመካከላቸው እንዴት እንደሚያድሩ ማጥናት ነው። ጠጣሩ በትንሽ ሙቀጫ ይልማል፤ ዱቄቱ ላይ የራጅ ጨረር ይለቀቅበታል፤ ጨረሩ ነጥሮ ሲመለስ ግራፍ ላይ ጉብታዎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ጠጣር እንደ ጣት አሻራ የራሱ ጉብታዎች አሉት። በእሷ ጠጣር ላይ ግን ማንም ያላያት አንዲት ትርፍ ጉብታ ብቅ አለች። አቶሞቹ እስካሁን በማይታወቅ አሰላለፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል ማለት ነው ብላ ጻፈች። ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። አንድ መጽሔት ሊያትመው ተቀብሎ ነበር።

ሊቁ ሌላም ነገር አክለው ነበር። ከእሷ በፊት በዚያው ሙቀጫ የተፈጨው የሌላ ሰው ዱቄት፣ ጉብታው የሚወጣው እዚያው አካባቢ ነው አሉ።

ሙቀጫው ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዱቄት ሲያልሙ የኖሩ፣ መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ አዛውንት ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ፣ ከጀርባ ደግሞ «ሙቀጫው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። «ውሃ ስወቅጥ አረጀሁ፤ እንቦጭ ከማለት ሌላ ምን አተረፍኩ» እያሉ ራሳቸው ይቀልዳሉ። የጣቶቻቸው ቆዳ በማጠቢያው አሲድ ተልጧል።

በማግስቱ ክፍላቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሁለት ጊዜ በአሲድ፣ አንድ ጊዜ በውሃ ማጠባቸውን ነገሯት። ደግማ ጠየቀች፤ ያንኑ ደገሙላት። ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ዱቄት አየች። ባለፈው ሳምንትም የአንዱን ብልቃጥ ስም በሌላው ላይ ለጥፈው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ደረጃውን ስትወርድ አላጠቡትም የሚለው ነገር በልቧ አለቀ።

የክፍሉ ኃላፊ የድሮዎቹን ግራፎች አገላበጠ። ጉብታዋ ጠዋት በብርድ በተለካው ላይ ጎልታለች፤ ከሰዓት በሞቀው ክፍል በተለካው ላይ ግን ከስማለች። «ቆሻሻ እንዲህ ነው» አለ ኃላፊው። «አንዴ አለ፣ አንዴ የለም።»

ስብሰባ ተጠራ። አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ። የሙቀጫውን ነገር ያነሳችው ራሷ ናት። ስትናገር አዛውንቱን አላየቻቸውም፤ አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን ነበር የምታየው። አንዱ ወጣት ከጥግ ሆኖ ጋሼ ሙቀጫውን በመሐረብ ነው የሚያጥቡት አለና ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ እሷ ዞሩ።

«አላጠብኩትም» አሉ። «ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። የልጅቷ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እሷ እፎይ ብላ ተነፈሰች። በዚያች አንዲት ትንፋሽ የተነሳ ኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች።

አዛውንቱ ሙቀጫውን አስረክበው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ጡረታቸው ስድስት ወር ነበር የቀረው። በእሷ ላይ የሳቀ ሁሉ አሁን በእሳቸው መሳቅ ጀመረ፤ በመተላለፊያው ሲያልፉ «እጅዎን ታጠቡ?» የሚላቸው አልጠፋም። እሷ ስታያቸው መንገድ ትቀይር ነበር። ትክክል ሆና ሳለ ለምን እንደምታፍር ለራሷ መመለስ አቃታት። ቢያጠፉስ፣ በአሥራ አንድ ሰው ፊት መናገር ነበረባት? አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግምጃ ቤቱ ገባች። አዛውንቱ የባዶ ጠርሙስ ካርቶን ይቆጥሩ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎን በሰው ፊት ማዋረድ አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተይ እንጂ ልጄ። አንገትሽን ደፍተሽ ሳይሽ አንጀቴ አልችል አለኝ።»

«ግን ያን ቀን እንዳጠቡት ነግረውኝ ነበር።»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ቆሻሻ ነው ካልሽ ቆሻሻ ነው» አሉና ወንበር አቀረቡላት። አልተቀመጠችም። ይቅርታው እንዲህ በቀላሉ መገኘቱ ይበልጥ ከበዳት። ኃላፊውን ለምኜ ወደ ቦታዎ አስመልስዎታለሁ አለቻቸው። እሳቸው ትከሻቸውን ሰበቁና ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ።

ያን ዕለት ማታ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጻፈች። ትርፏ ጉብታ ካልታጠበ ሙቀጫ የመጣች ቆሻሻ ስለሆነች ጽሑፌን አንስቻለሁ፣ ጥፋተኛውም ጥፋቱን አምኗል ይላል። «ጥፋተኛው» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዛ፣ ሌላ ስላጣች መልሳ ጻፈችው። ላከችው።

አሁን የቀረው ኃላፊው ፊት የምትዘረጋው አንድ ንጹሕ ግራፍ ነበር። ቆሻሻዋ ከወጣች ሥራው የጠራ ነው፤ አንድ ቀን ለደከማቸው ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ቅጣት አይገባም ልትለው ነው። ጠዋት ማንም ሳይገባ መጣች። ክፍሉ ይበርዳል። ማንም ያልነካው አዲስ ሙቀጫ ከነማሸጊያው ከካርቶን አወጣች፤ አዲስ ጓንት አጠለቀች፤ ከጠጣሩ ቆርሳ በገዛ እጇ አላመችው። ዱቄቱን መሣሪያው ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

ግራፉ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ተሳለ፤ እዚያ ቦታ ሲደርስም ትርፏ ጉብታ ከዚህ በፊት ታይታ ከምታውቀው ሁሉ ከፍ ብላ ቆመች።