ሙሉነሽ ያቆመችው መኪና

ሙሉነሽ ጎንበስ ብላ ከጭነት መኪናው ሥር ተመለከተች። ጥቁር ዘይት ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቀና አለችና ከጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ቀዩን ጨርቅ አውርዳ የመኪናው ስፖኪዮ ላይ አሰረችው።

የዕቃ ማመላለሻ ድርጅቱ ግቢ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ከሚወርደው ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ደንቡን ያወጣው ሥራ አስኪያጁ አባይነህ ነበር። ዘይት የሚያፈስ ወይም ከልክ በላይ የሚያጨስ መኪና ያየ ሠራተኛ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ያስርበታል፤ ካሰረው ሰው በቀር ማንም አይፈታውም። መካኒኮቹ ብዙ ጊዜ አስረዋል። ከጽዳት ሠራተኞች ግን ከሙሉነሽ በፊት አስራ የምታውቅ አልነበረችም።

አባይነህ ስልኩን እንደያዘ ከቢሮው ወጣ። መኪናው ላይ የሚጫነው ዱቄት አያት ሰፈር ለሚገኝ ዳቦ ቤት በሦስት ሰዓት መድረስ ነበረበት። ለባቡሩ ሐዲድ ሲባል መንገዱ ተቆፋፍሯል፤ አሁን ካልተነሱ አይደርሱም። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ደውሏል። መኪናው ሲመለስ እንደሚጠገን ነገራት።

“ለዛሬ ብቻ ነው፣ ሙሉነሽ። ፍቺው።”

እጆቿን ወደኋላዋ አጣመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ምንም ብላው አታውቅም።

“አልፈታም፣ አቶ አባይነህ። እዚህ ታች ወንዙ ላይ ሰው ልብስ ያጥባል። ደግሞ ‘ያየ ሁሉ’ ነው ያሉን፤ መካኒክ ብቻ አላሉም።”

ጫኞቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ቆሙ። ሾፌሩ ገበየሁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አጠገቧ ቆመ። ዘይቱ መንጠብ የጀመረው ትናንት እንደሆነ፣ ጉዞው እንዳይቀርበት ብሎ ዝም እንዳለ ሳይደብቅ ተናገረ።

“እሷ ልክ ናት። ጥፋቱ የኔ ነው” አለ።

አባይነህ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት አየ። ከዚያ ራሱ ለደንበኛው ደውሎ ሁለት ሰዓት እንደሚዘገዩና ምክንያቱን ነገረው። የሰውየው ጩኸት እነሱ እስከቆሙበት ይሰማ ነበር። እስከመጨረሻው አዳምጦ፣ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋ። ገበየሁንም ዱቄቱ የሚጫንበት ሌላ መኪና እንዲያስጠጋ አዘዘው።

ጫኞቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ጆንያው ስልሳ። አባይነህ ኮቱን አውልቆ ለዘበኛው ሰጠና ወደ ጆንያዎቹ ሄደ። ሙሉነሽ የፈሰሰው ዘይት ላይ ሰጋቱራ እየበተነች ታየው ነበር። የመጀመሪያውን ሊያነሳ ሲታገል ጠጋ አለች።

“በወገብዎ አይደለም” አለችው። “ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉት።”

አባይነህ ጉልበቱን አጠፈ።