ከእትብት የተቀዳው ደም

ባለሄልሜቱ ሞተሩን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ «ቶሎ በል፣ ስጠኝ!» እያለ ሲንደረደርበት፣ ሙዘሚል ስልኩንና የኪስ ቦርሳውን ዘረጋለት። ዲፕስሉት በተባለው ዘራፊ የበዛበት ሰፈር ያለው ሱቁ ሰባት ጊዜ ተዘርፏል፤ አንዴማ ዘራፊው የገንዘብ መልስ ቆጥሮ ሰጥቶት ነው የሄደው። ብብቱ ስር ያለውን ሳጥን ግን ጭምቅ አደረገ። ውስጡ ያለው፣ ከተወለደ ሰዓት ካልሞላው ልጁ እትብት የተቀዳ ደም ነው፤ የደም ካንሰር ለያዛት ለሕፃኑ ታላቅ እህት ለሱሀይላ የሚቀመጥ።

«ስልክህን ምን ላድርገው? ደሙን ነው የምልህ!» አለ ሄልሜት ውስጥ የታፈነው ድምፅ።

ሙዘሚል ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘይትም፣ ሲጋራም፣ ሚዛኑንም ሳይቀር ወስደውበታል፤ ደም የጠየቀው ዘራፊ ግን አልነበረም። «ግደለኝ እንጂ አልሰጥም!» ብሎ ጮኸ፤ በሕይወቱ ዘራፊን እምቢ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ሄልሜቱ ወለቀ። ላብ ያጠመቃት ሴት ነበረች፤ አንገቷ ላይ የእትብት ደም የሚያስቀምጠው ድርጅት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። «ወንድሜ፣ የተላክሁት እኮ ደሙን ላደርስ ነው። ካረፈድን ሴሎቹ ይሞታሉ!»

ሙዘሚል መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ከፊቷ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያየ። ከዚያ ሳጥኑን እንዳቀፈ ሞተሩ ላይ ፊጥ አለ።

«ምን ልትሆን ነው? ውረድ!»

«ያለ እኔ አይሄድም። ንጂው!»

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየችና ሞተሩን አስነሳች።