ኳ የምትለዋ ሴራሚክ

"ቆይ ቆይ… እስቲ መዶሻህን አሳርፍ…"

ሴራሚክ የሚያነሱት ሽማግሌ ተንበርክከው ወለሉን በመሮ እጀታ መታ መታ አደረጉ።

ዷ… ዷ… ዷ… ኳ።

"ይቺ አንዷ ሥሯ ባዶ ናት።"

እጅጌውን ሰብስቦ ሲያግዛቸው የነበረው የቤቱ ልጅ ሳቀ። "እሷማ የታወቀች ናት ጋሼ። የሰፈሩ መሳቂያ ነበረች።"

ወለሉን የሠሩት ሟች አባቱ ናቸው። ሙያቸው ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር።

የስንቱን ቤት እንደ መስታወት አሳምረው… የራሳቸው ቤት ውስጥ፣ ወደ ኩሽና የሚያወርደው ደረጃ አፍ ላይ ያለችው ሴራሚክ በተረገጠች ቁጥር ኳ ትላለች።

እንግዳው ሁሉ "ሙያህ ሰው ቤት ብቻ ነው እንዴ?" እያለ ይስቅባቸዋል።

እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። "ሲሚንቶ አልቆብኝ ነው" ይላሉ።

ልጁ ግን ያፍር ነበር… ጓደኞቹ ቤት ሲመጡ ኳ እንዳትልበት ዘሎ ነበር የሚያልፋት።

አሁን አርባን ተሻግሯል። እናቱ እህቱ ቤት ሰንብተው እስኪመለሱ ወለሉን አዲስ አድርጎ ሊያስደስታቸው ነው።

አሮጌው ሴራሚክ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልነቀል ብሎ አለፋቸው። (የእኔ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ በሁለት ዓመቱ ነው ራሱ የተነሳው… ይቅር፣ ወደ ታሪኩ።)

ኳ የምትለዋ ብቻ ባንድ ምት ተነሳች።

ሥሯ መሃሉ ባዶ ነው። አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ እኩል እኩል የተቀመጠ ሲሚንቶ አለ።

"ሲሚንቶ አልቆብኝ ነው ይሉ ነበር" አለ ልጁ። ሽማግሌው ሲሚንቶውን በጣታቸው ለኩት።

"አባትህ ሲሚንቶ አላለቀባቸውም… ስህተት እንዲህ በልክ አይሠራም ልጄ። አውቀው ነው።"

"ለምን ብለው?"

"እኔንጃ። እናትህን ጠይቃቸው።"

ጥድፊያ ላይ ስለነበር አልጠየቀም።

እናቱ የመጡት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መብራት እስኪበራ አልጠበቁም፣ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ወደ ኩሽና አመሩ።

ኳ የሚል ድምፅ የለም።

ደረጃውን ስተው ሲወድቁ ሻንጣ ይዞ የሚከተላቸው ልጃቸው ለጥቂት ቀለብ አደረጋቸው።

ወለሉን በእግራቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "ኳ የምትለዋ የት ሄደች?" አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

ከዚያ ለሰው ተናግረው የማያውቁትን ነገሩት።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ሲመሻሽ አይታየኝም። ሰው ዕውር እንዳይለኝ ደብቄው ኖርኩ። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ከዚህ ደረጃ ስወድቅ አባትህ ደረሰብኝ። በነጋታው አንዷን ሴራሚክ ነቅሎ መልሶ ተከላት። 'ኳ ካለች ደረጃው ጋ ደርሰሻል' አለኝ።"

"ያን ሁሉ ዘመን ሲስቁበት ለምን ዝም አለ?"

"በእሱ ሲስቁ እኔን ማን ያየኛል ልጄ?"

ያን ምሽት፣ በልጅነቱ ዘሎ ያለፋት ጊዜ ሁሉ ትዝ አለው።

በማግስቱ ሽማግሌውን አስጠራቸው።

"ጋሼ፣ ይቺን አንዷን ያበላሹልኝ።"

"በሥራ ዘመኔ ሙሉ አበላሽ ብሎኝ የሚያውቅ የለም" አሉ… ወዲያው ግን ገባቸው መሰለኝ፣ ሳይጠይቁ ተንበረከኩ።

ባለፈው ሳምንት አጎቱ ሊጠይቋቸው መጡ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ… ኳ።

"ይሄን ሁሉ ወለል አሳምረህ ይቺን ረሳሃት? ያባትህ ልጅ" ብለው ሳቁበት።

እሱም አብሮ ሳቀ።

"ሲሚንቶ አልቆብኝ ነው" አለ።

አንዳንድ ሰው የሚወደውን ሰው ገመና ለመሸፈን ራሱ መሳቂያ ይሆናል። እኛ ደግሞ ለምን ሳንል እንስቃለን። ከመሳቃችን በፊት እንጠይቅ… የሚመልስልን ሰው ሳይሄድ።

እናንተስ… ስታፍሩበት ኖራችሁ፣ በኋላ ፍቅር መሆኑ የገባችሁ የአባት ወይም የእናት ነገር አለ? ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነበዋለሁ።